የእህሉ መዓዛ አረቄው ውስጥ እንዴት ይገባል?

መግቢያ

የአገራችን አረቄ ከገብስ፣ ከስንዴ፣ ከበቆሎ፣ ከማሽላ፣ ከዳጉሳ ወይም ከጤፍ እንደሚወጣ ይታወቃል። ነገር ግን ከማሰሮው ተነሥቶ በሸምበቆው አልፎ የሚንጠባጠበው ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራ ነው። ዱቄት የለበትም፤ ስኳር የለበትም፤ የእህሉ ቀለምም አይታይበትም። ታዲያ አረቄ የሚያውቅ ሰው መለኪያውን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ «ይህ የእህል ነው፤ ያኛው ግን እህል እህል አይልም» ሲል የሚለየው ምኑን ነው? እህሉ በማሰሮው ውስጥ አተላ ሆኖ ከቀረ መዓዛው በምን መንገድ አልፎ ሄደ?

ጥያቄው ከቅምሻ ያለፈ ቁም ነገር አለው። አረቄ ማውጣት በብዙ የአገራችን ከተሞችና ገጠሮች፣ በተለይም በእናቶች እጅ፣ የቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። በአርሲ ነገሌና በአካባቢዋ ሥራው ብዙ ቤተሰቦችን ይመግባል፤ አተላው ከብት ያደልባል፤ በአንጻሩ ደግሞ ብዙ የማገዶ እንጨት ይፈጃል። ገበያው ግን አረቄን የሚመዝነው በአብዛኛው በአንድ ሚዛን ብቻ ነው፤ እርሱም «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚለው የብርታት ሚዛን ነው። በዚህ ጽሑፍ የአልኮል ብርታትና የእህል መዓዛ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ አንዱ ሲጨምር ሌላው እንደሚቀንስ፣ ብርታትም የጤንነት ዋስትና እንዳልሆነ ከኬሚስትሪ አንጻር እንመለከታለን።

በተን የሚያልፈውና የማያልፈው

አረቄ የሚለው ቃል ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ሥሩ «ላብ» ማለት ነው። ስያሜው ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል። ድፍድፉ ሲሞቅ ተን ይወጣል፤ ተኑ በቀዝቃዛ ነገር ሲመታ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ይላል። ይህን ሂደት ንጠራ እንለዋለን።

የንጠራን ሕግ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጀበና ተጥዶ ቡና ሲፈላ ሽታው ጎረቤት ድረስ ይዘልቃል። ከጀበናው አፍ የሚወጣውን ተን በቀዝቃዛ ሳህን ብንቀበለውና ጤዛውን ብንቀምሰው ግን ቡና ቡና ይሸታል እንጂ አይመርም፤ አይጠቁርምም። መዓዛውን የሚሰጡት ቅንጣቶች ትንንሽና ተናኝ ስለሆኑ ከውሃው ተን ጋር ይነሣሉ። ቀለሙንና ምሬቱን የሚሰጡት ግን አብዛኞቹ ከባድ በመሆናቸው በጀበናው ውስጥ ይቀራሉ።

አረቄም እንዲሁ ነው። ስታርች፣ ስኳር፣ ፕሮቲን፣ ጨውና ቀለም በተን አይሄዱም። ጌሾ ለጠላ ምሬት ሲሰጥ ለአረቄ የማይሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የጌሾ ዋነኛ መራራ ንጥረ ነገር የሆነው ጌሾይዲን ከባድ ስለሆነ ከአተላው ጋር ይቀራል። ስለዚህ «የእህል መዓዛ ያለው አረቄ» ለማግኘት ብዙ እህል መጨመር ብቻውን አይበቃም። እህሉ በመጀመሪያ ወደ ተናኝ የመዓዛ ቅንጣት መለወጥ አለበት። ቀጥሎም ያ ቅንጣት በንጠራው ጊዜ ሳይጠፋ ማለፍ አለበት። የመጀመሪያው ሥራ በብቅሉ፣ በምጣዱና በጥንስሱ ይከናወናል፤ ሁለተኛው በማሰሮውና በእሳቱ።

የመጀመሪያው ደረጃ፦ ብቅል

እህል በደረቁ ሲታይ አብዛኛው ክፍሉ ስታርች ነው። ስታርች በሺህ የሚቆጠሩ የግሉኮስ ቅንጣቶች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን እርሾ ይህን ሰንሰለት በቀጥታ ሊበላው አይችልም። ሰንሰለቱን የሚቆርጠው ብቅል ነው። ገብስ ተዘፍዝፎ፣ በኮባ ወይም በሌላ ሰፊ ቅጠል ተሸፍኖ ሲበቅል፣ ፍሬው ለራሱ ቡቃያ ምግብ ለማዘጋጀት አሚሌዝ የተባሉ ኢንዛይሞችን ያመነጫል። እኛም ቡቃያው ምግቡን በልቶ ሳይጨርስ ፀሐይ ላይ አስጥተን እድገቱን እናቆመዋለን፤ ኢንዛይሙ ግን በብቅሉ ውስጥ ይቆያል።

ብቅል ከኢንዛይም ሌላ ለመዓዛ የሚሆን ጥሬ ዕቃም ያቀርባል። እህሉ ሲበቅል ፕሮቲኑም በከፊል ተቆርጦ አሚኖ አሲድ ይሆናል። እነዚህ አሚኖ አሲዶች ወደፊት እንደምንመለከተው የአብዛኛው መዓዛ ምንጭ ናቸው። ስኳር ብቻውን በውሃ ተበጥብጦ በእርሾ ቢፈላ አልኮል ይወጣዋል፤ ነገር ግን የእህል አሚኖ አሲድ፣ የእህል ቅባትና የእህል ገለባ የሚሰጡትን የመዓዛ ጥሬ ዕቃ አያገኝም። ከስኳር የወጣ አረቄ ብርቱ ቢሆንም «ባዶ» የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለብቅል መጠንቀቅ ያለብን ከሙቀት ነው። ቤታ አሚሌዝ የተባለው ኢንዛይም ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ፣ አልፋ አሚሌዝ ደግሞ ከ75 ዲግሪ በላይ ፈጥነው ይበላሻሉ። ስለዚህ ስታርቹን የሚቆርጠው ብቅል አይቆላም፤ በፈላ ውሃም አይበጠበጥም። የሚቆላው ሌላው እህል ነው።

ሁለተኛው ደረጃ፦ ምጣዱ

ጌሾና ብቅል በውሃ ተበጥብጠው ለጥቂት ቀናት ከተጠነሰሱ በኋላ የአረቄው ዋነኛ እህል ቂጣ ሆኖ ተጋግሮ፣ ወይም እንኩሮ ሆኖ ተነኩሮ ይጨመራል። ይህ የእናቶቻችን ልማድ ሁለት ሳይንሳዊ ምክንያቶች አሉት።

የመጀመሪያው ስታርቹን መክፈት ነው። ጥሬ ስታርች በጠጣር ፍሬ መልክ ስለሚገኝ ኢንዛይም በቀላሉ አይገባበትም። ከውሃ ጋር ሲሞቅ ግን ያብጣል፤ ይፈታል። ይህ የሚሆንበት ሙቀት እንደ እህሉ ይለያያል፤ ለገብስ ከ52 እስከ 60፣ ለስንዴ ከ58 እስከ 64፣ ለበቆሎ ከ62 እስከ 72፣ ለማሽላ ከ68 እስከ 78፣ ለጤፍ ከ68 እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ከላይ ከተጠቀሰው የኢንዛይም ሙቀት ጋር ብናስተያያቸው አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል። የገብስ ስታርች ብቅሉ ሳይበላሽ ሊከፈት ይችላል። የማሽላና የጤፍ ስታርች እስኪከፈት ድረስ ብናሞቅ ግን ኢንዛይሙን እናጠፋዋለን። መፍትሔው እህሉን ለብቻው አብስሎ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዚያ ወደ ብቅሉ መጨመር ነው። ቂጣው የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መዓዛ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ካሚል ማያር እ.ኤ.አ. በ1912 አሚኖ አሲድና ስኳር አብረው ሲሞቁ ቡናማ ቀለም እንደሚፈጥሩ አሳወቀ። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ይህ ለውጥ በቆሎ ቆሎ፣ በዳቦ ቅርፊትና በቡና ቁላት ሁሉ የሚታይ ነው። ከለውጡ የሚወለዱት ፓይራዚን የተባሉ ቅንጣቶች የቆሎ ሽታ ይሰጣሉ፤ አንዳንድ አልዲሃይዶች የብቅል ሽታ ይሰጣሉ፤ ፈርፉራል ደግሞ የለውዝና የዳቦ ዓይነት ሽታ ይሰጣል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ተናኝ በመሆናቸው ከአልኮሉ ጋር ማለፍ ይችላሉ።

ለውጡ በደንብ የሚካሄደው ከ120 ዲግሪ በላይ ባለ ሙቀት ነው። በውሃ የሚቀቀል እህል ከውሃው የመፍያ ነጥብ አያልፍም፤ በጋለ ምጣድ ላይ ያለ እህል ግን በቀላሉ ያልፈዋል። ስለዚህ ገንፎ ሆኖ የገባ እህልና እንኩሮ ሆኖ የገባ እህል እኩል አልኮል ቢሰጡም እኩል መዓዛ አይሰጡም። ይሁንና ማሳረር አይገባም። እህሉ ሲከስል ስታርቹ ስለሚጠፋ አልኮሉ ይቀንሳል፤ የቆሎው መዓዛም በጭስና በማረር ሽታ ይተካል። ጥሩ ምልክቱ እንደ ጥሩ ቆሎ ቡናማ መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ፦ እርሾ

እርሾ ግሉኮስን ወደ አልኮልና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ከ180 ግራም ግሉኮስ 92 ግራም ኢታኖልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይገኛል። ይህን በምሳሌ እንመልከት። 10 ኪሎ ግራም እህል 70 በመቶው ስታርች ቢሆን 7 ኪሎ ግራም ስታርች አለን። ስታርቹ ሲቆረጥ ውሃ ስለሚጨምር ወደ 7.8 ኪሎ ግራም ግሉኮስ ይሆናል። ከዚህ 4 ኪሎ ግራም ገደማ ኢታኖል ይገኛል፤ በመጠን ሲለካ 5 ሊትር ያህል ንጹሕ አልኮል ማለት ነው። ይህም 45 በመቶ ብርታት ባለው አረቄ ሲሰላ 11 ሊትር ገደማ ነው። በተግባር የሚገኘው ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሁሉም ስታርች አይቆረጥም፣ ሁሉም ስኳር አይፈላም፣ ሁሉም አልኮል ከማሰሮው አይወጣም። ነገር ግን ስሌቱ አንድ ጣሪያ ያሳየናል። ከ10 ኪሎ እህል 20 ሊትር ብርቱ አረቄ አገኘሁ የሚል ነጋዴ ቢኖር፣ ከእህሉ ሌላ የጨመረው ነገር መኖሩን ስሌቱ ይመሰክርበታል።

እርሾ ግን አልኮል ብቻ አይሠራም። ጀርመናዊው ኬሚስት ፌሊክስ ኤርሊክ እ.ኤ.አ. በ1907 እንዳስረዳው፣ እርሾ አሚኖ አሲዶችን ሲመገብ ከእነርሱ ከባድ አልኮሎችን ያስቀራል። ለምሳሌ ሉሲን ከተባለው አሚኖ አሲድ አይሶአሚል አልኮል ይወጣል። ፌኒል አላኒን ከተባለው ደግሞ የጽጌረዳ ሽታ ያለው አልኮል ይወጣል። እነዚህ አልኮሎች ከአሲድ ጋር ሲዋሐዱ ኤስተር የተባሉ የፍራፍሬ ሽታ ያላቸው ቅንጣቶች ይፈጠራሉ፤ አይሶአሚል አሲቴት የሙዝ ሽታ አለው። በእህል ገለባ ውስጥ የሚገኘው ፌሩሊክ አሲድም በአንዳንድ የዱር እርሾዎች ተለውጦ የቅርንፉድ ሽታ ይሰጣል።

በቤት ውስጥ በሚጠነሰስ ድፍድፍ ውስጥ የሚሠራው አንድ ዓይነት እርሾ ብቻ አይደለም። ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው የመጡ ልዩ ልዩ እርሾዎችና ላክቲክ አሲድ አምራች ባክቴሪያዎች በየተራ ይሠራሉ። የቤት አረቄ መዓዛ ከፋብሪካ አልኮል ይልቅ የተወሳሰበ የሚሆነው፣ ከአንዱ ጥንስስ ወደ ሌላው የሚለያየውም በዚህ ነው። ድፍድፉ አፉ ተከፍቶ ለአየር ከተጋለጠ ግን የኮምጣጤ ባክቴሪያ ይገባበታል። አልኮሉ አሴቲክ አሲድ ይሆናል፤ ቀሪውም ከአልኮሉ ጋር ተዋሕዶ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚሸት ኤቲል አሲቴት ይሠራል። የዕቃውን አፍ በደንብ መግጠም ለመዓዛው የሚደረግ ትልቅ ጥበቃ ነው።

አራተኛው ደረጃ፦ ማሰሮውና እሳቱ

እስከዚህ ድረስ የተሠራው መዓዛ ሁሉ በድፍድፉ ውስጥ ነው። አሁን ጥያቄው ምን ያህሉ ያልፋል የሚለው ነው። በባሕር ወለል ደረጃ አሴታልዲሃይድ በ20፣ ሜታኖል በ65፣ ኤቲል አሲቴት በ77፣ ኢታኖል በ78፣ ውሃ በ100፣ አይሶአሚል አልኮል በ131፣ ፈርፉራል በ162 ዲግሪ ገደማ ይፈላሉ። እዚህ ላይ አንድ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ቁጥሮቹ ለደጋ አገር አይሠሩም። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ ንጹሕ ኢታኖል ደግሞ ከ71 እስከ 72 ዲግሪ ባለው ይፈላል። ከውጭ አገር መጽሐፍ የተወሰደ የሙቀት መለኪያ መመሪያ በደብረ ብርሃን ቢሠራበት ያሳስታል።

ከሁሉ በላይ ግን ድብልቅ ሲፈላ ቅንጣቶቹ በመፍያ ነጥባቸው ቅደም ተከተል ተሰልፈው አይወጡም። ሁሉም አብረው ይተናሉ፤ የሚለያየው መጠናቸው ነው። ለምሳሌ 100 እጅ ውስጥ 6 እጅ አልኮል ያለበት ድፍድፍ መፍላት ሲጀምር ተኑ 40 በመቶ ገደማ አልኮል ይይዛል፤ ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው። አይሶአሚል አልኮልም በ131 ዲግሪ የሚፈላ ሆኖ ሳለ ውሃ በበዛበት ድፍድፍ ውስጥ ቀድሞ ይወጣል፤ ምክንያቱም ቅባት መሰል ጠባይ ስላለው ከውሃ ጋር አይስማማምና ውሃው ይገፋዋል። የእህሉ መዓዛ ሊያልፍ የቻለው በዚህ የንጠራ «ጉድለት» ነው። ማሰሮና ሸምበቆ አልኮልን ከሌላው ፍጹም አይለዩም፤ ስለማይለዩም መዓዛው አብሮ ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን ደርሰናል። ንጠራው እየተደጋገመ በሄደ ቁጥር ልየታው ይጠነክራል፤ ብርታቱም ይጨምራል። ተራ አረቄ ከ30 እስከ 40 በመቶ ገደማ አልኮል ሲይዝ፣ እንደገና የወጣው ዳግም አረቄ 45 በመቶና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በሁለተኛው ንጠራ ጊዜ ግን ከውሃው ጋር የእህሉ ከባድ መዓዛም በከፊል ይቀራል። በፋብሪካ ማማዎች ልየታው እስከ 96 በመቶ ይደርሳል፤ በዚያ ደረጃ አልኮሉ ከስንዴ ይምጣ ከሸንኮራ አገዳ ሞላሰስ በአፍንጫ መለየት እጅግ ያስቸግራል።

ይህን እውነት የሌሎች አገሮች ሕግ ሳይቀር ተቀብሎታል። በስኮትላንድ ውስኪ ተብሎ የሚሸጥ መጠጥ ሲነጠር ከ94.8 በመቶ በታች መሆን አለበት። ምክንያቱም በሕጉ ላይ ተጽፏል፤ የእህሉና የአሠራሩ መዓዛና ጣዕም በመጠጡ ውስጥ እንዲቀር ነው። በአሜሪካ ቡርቦን የተባለው ውስኪ ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ እንዲኖረውና ሲነጠር ከ80 በመቶ እንዳያልፍ ተደንግጓል። በቻይና ደግሞ ከማሽላ የሚወጣው ባይጂዩ የሚነጠረው ድፍድፉ ጠጣር እንደሆነ ነው፤ እንፋሎት በእህሉ መካከል ያልፋል፤ መዓዛውንም ጠርጎ ይወስዳል። የእኛም ድፍድፍ ሳይጠለል ከነቂጣው ወደ ማሰሮ ስለሚገባ በዚህ ረገድ ይመሳሰላል።

ወፍራም ድፍድፍ ግን አደጋ አለው፤ ወደ ታች ዘቅጦ ያርራል። የማረር ሽታ ተናኝ ስለሆነ ወደ አረቄው ያልፋል፤ ካለፈም በዳግም ንጠራ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ስለዚህ እሳቱ ለስላሳና ያልተቋረጠ ይሁን፤ ድፍድፉ እስኪሞቅ ድረስ ይማሰል። ለስላሳ እሳት ማገዶም ይቆጥባል። መቀበያው በሚገባ ሲቀዘቅዝም ተኑ ሳይመለስ ወደ አየር አያመልጥም፤ ቀድመው የሚያመልጡት ደግሞ ቀላሎቹ የመዓዛ ቅንጣቶች ናቸው።

የመጨረሻው ውሃ ውሃ የሚለው ጠብታ ፈርፉራልና ሌሎች ከባድ ቅንጣቶች የሚበዙበት ነው። ጥቂቱ የእህል ጠባይ ይሰጣል፤ ሲበዛ ግን እርጥብ ገለባ ይሸታል። መቼ ማቆም እንደሚገባ የሚወስነው አፍንጫ ነው፤ በየጊዜው በልዩ ልዩ ዕቃ ተቀብሎ፣ በውሃ አቅጥኖ አሽትቶ መለየት ከሁሉ የተሻለ ዘዴ ነው።

ስለ ሜታኖልና ስለ «እሳት ፈተና»

አሁን ደግሞ ሕይወትን ወደሚመለከተው ጉዳይ እንለፍ። ሜታኖል በሰውነት ውስጥ ፎርሚክ አሲድ ይሆናል፤ የዓይንን ነርቭም ያጠፋል። 10 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹሕ ሜታኖል ዓይነ ስውር ሊያደርግ ይችላል። ምልክቱ፣ ማለትም የዓይን መደብዘዝ፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመምና የትንፋሽ ማጠር፣ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ በመሆኑ ሰው ተራ ስካር መስሎት ይዘናጋል። በሆስፒታል ግን መድኃኒት አለው፤ ፈጥኖ መድረስ ዓይንንም ሕይወትንም ያድናል።

ስለ ሜታኖል ሁለት የተሳሳቱ እምነቶች አሉ። የመጀመሪያው «የመጀመሪያውን ጠብታ ከደፋሁት መርዙ ወጣ» የሚለው ነው። ሜታኖል ለብቻው ቀድሞ ቢፈላም፣ ውሃ በበዛበት ድፍድፍ ውስጥ ከውሃው ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሠራጭቶ ይወጣል። የመጀመሪያውን መድፋት አሴታልዲሃይድንና ኤቲል አሲቴትን ይቀንሳል፤ ለመዓዛም ለጤናም ይበጃል። ሜታኖልን ግን አያስወግድም።

ሁለተኛው አረቄውን በክብሪት ለኩሶ «ነደደ፤ ስለዚህ ንጹሕ ነው» ማለት ነው። ሜታኖልም ይነዳል። የሁለቱንም ነበልባል በዓይን መለየት አስተማማኝ አይደለም። መንደዱ የሚያሳየው ብርታትን ብቻ ነው።

መልካሙ ዜና ሜታኖል የሚመነጨው በዋናነት ፔክቲን ከተባለው የዕፅዋት ንጥረ ነገር መሆኑና እህል ፔክቲን የሚይዘው ጥቂት መሆኑ ነው። ጌሾ ቅጠል ስለሆነ ጥቂት ይጨምራል። ቢሆንም በእህል በአግባቡ የተሠራ አረቄ ውስጥ የሚኖረው ሜታኖል በአብዛኛው አነስተኛ ነው። በዓለም ላይ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጨርሱት የመመረዝ አደጋዎች በአመዛኙ የሚደርሱት ለኢንዱስትሪ የተዘጋጀ ሜታኖል በመጠጥ ውስጥ ሲጨመር ነው። ለብርታት ሲባል ምንጩ ያልታወቀ አልኮል በአረቄ ላይ መጨመር የእህሉን መዓዛ ከማጥፋትም አልፎ ነፍስ ማጥፋት ሊሆን ይችላል።

ዕቃውም ሊታሰብበት ይገባል። አረቄ አሲድነት ስላለው የእርሳስ ብየዳን ያሟሟል። በአሜሪካ አሮጌ የመኪና ራዲያተር ለማቀዝቀዣ የተጠቀሙ ሰዎች በእርሳስ የተመረዙት በዚህ ነው። መዳብ መጥፎ የድኝ ሽታን ስለሚይዝ ይመረጣል፤ አረንጓዴ ዝገት ካበጀ ግን ሳይታጠብ መሥራት አይገባም። ትኩስ አረቄን በፕላስቲክ ጀሪካን፣ በተለይም ኬሚካል በነበረበት ጀሪካን፣ መቀበል ፈጽሞ አይመከርም። የአልኮል ተን በእሳት ስለሚያያዝ መጋጠሚያው በሊጥ ወይም በጭቃ በደንብ ይመረግ፤ መቀበያውም ከእሳቱ ይራቅ፤ ቤቱ አየር የሚያገባ ይሁን። በውጭ አገር የምትኖሩ አንባቢያን ደግሞ በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ አልኮል ማንጠር በሕግ የተከለከለ መሆኑን ልብ በሉ። በመጨረሻም፣ ከሁሉ የጠራው አረቄ እንኳ አልኮል ነው፤ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የአልኮል መጠጦችን እ.ኤ.አ. በ1988 ካንሰር አምጪ ከሆኑት ምድብ አስገብቷቸዋል።

ያለ አልኮል የሚሠራ ሙከራ

ከላይ የተባለውን በማንኛውም ማእድ ቤት ወይም የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ማረጋገጥ ይቻላል። ሦስት ድስት ውሃ እናዘጋጅ። በአንደኛው ጥሬ የገብስ ዱቄት፣ በሁለተኛው አሻሮ፣ በሦስተኛው የጌሾ ቅጠል እንጨምር። እያንዳንዱን በለስላሳ እሳት አፍልተን፣ ክዳኑን ገልብጠን ቀዝቃዛ ውሃ በላዩ እናድርግበት። በክዳኑ ሥር የሚያጠራቅመውን ጤዛ በንጹሕ ብርጭቆ ተቀብለን እናስተያይ።

ሦስቱም ጤዛዎች ቀለም አይኖራቸውም። የአሻሮው ጤዛ ከጥሬው ዱቄት ጤዛ ይልቅ ቆሎ ቆሎ ይሸታል፤ ይህም መዓዛው የተሠራው በምጣዱ ላይ መሆኑን ያሳያል። የጌሾው ውሃ ሲቀመስ መራራ ሲሆን ጤዛው ግን ምሬቱ ይጠፋል፤ ይህም በተን የሚያልፈውና የማያልፈው የተለያየ መሆኑን ያሳያል። ጤዛውን መልሰን በትንሽ ድስት አፍልተን ሁለተኛ ጤዛ ብንቀበል ደግሞ የቆሎው ሽታ እየሳሳ መሄዱን እናስተውላለን።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ የእህል መዓዛ በእህሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀን ነገር አይደለም። ብቅሉ ጥሬ ዕቃውን ያቀርባል፤ ምጣዱ የቆሎውን ሽታ ይፈጥራል፤ እርሾው የፍራፍሬውንና የቅርንፉዱን ይጨምራል። ማሰሮው አዲስ የሚፈጥረው ጥቂት ነው፤ ዋናው ሥራው ከተፈጠረው መምረጥ ነው። ስለዚህ መዓዛ የጎደለውን አረቄ በዳግም ንጠራ ወይም ብርታት በመጨመር ማቃናት አይቻልም። መመለስ ያለብን ወደ ምጣዱና ወደ ጥንስሱ ነው። ገዢውም አረቄን በእሳት ከመፈተን ይልቅ በአፍንጫው መርምሮ ከምን እንደተሠራ ሻጯን ቢጠይቅ፣ በእህል የምትሠራዋን ሴት ድካም በዋጋ ያከብራል፤ ምንጩ ያልታወቀ አልኮል ለሚቀላቅለው ሰውም ገበያ ይነሳል።

ለአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. የማሽላ ዱቄት ሳይጋገር በቀጥታ ወደ ብቅሉ ቢጨመር አልኮሉ የሚያንሰው ለምንድን ነው?

2. 15 ኪሎ ግራም እህል 60 በመቶው ስታርች ቢሆን፣ 40 በመቶ ብርታት ያለው አረቄ ቢበዛ ስንት ሊትር ሊገኝ ይችላል?

3. ሁለት ሰዎች ከአንድ ድፍድፍ አረቄ አወጡ። አንደኛው አንድ ጊዜ፣ ሌላኛው ሦስት ጊዜ ነጠረው፤ ከዚያም ሁለቱን በውሃ እኩል ብርታት እንዲኖራቸው አደረጓቸው። የትኛው የእህል መዓዛ ይበልጥ ይኖረዋል? ለምን?